«እሺ» ስላሉት አባቴ እና ወደ ላኪ ይመለስ ስለተባለው እሽግ

ለተከበሩ የእሽግ አመላላሽ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ያ ዕረፍት የማያውቀው የመከታተያ ገጻችሁም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ ከሁሉም በላይ ለእኛ ያስተማራችሁንን ትዕግሥት ለእናንተም አብዝቶ ይስጣችሁ። እኔ ደንበኛዎ ከአባቴና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር፣ ከአንድ እሽግ በስተቀር ምንም ሳይጎድልብን፣ ደህና ነን።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው በቤታችን የፊት ክፍል ሲሆን፣ የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው ከመንገድ በሚያስገባው በር ጎን በመሆኑ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ እጄን ብዘረጋ መቀርቀሪያውን እከፍታለሁ። እሽጉ የተላከው ለአባቴ ነው። በውስጡ ያለው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ነው፤ ክብደቱ አንድ ጥቅል ክር አያህልም። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በብረት ሥራ ወርክሾፕ ሲያገለግሉ ጆሯቸውን እዚያው ትተው የወጡ ሰው ናቸው። የድሮው መሣሪያቸው ወድቆ ስለተረገጠ፣ በሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ በጆሯቸው ልክ አሠርታ ላከችላቸው። በአምስት ቀን ይደርሳል ብላችሁ ከእሷ ተረከባችሁ። ዛሬ አርባ ሦስተኛው ቀን ነው። ለፍጥነታችሁ ምስጋናዬን እያስቀደምኩ፣ ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለዐሥራ አንድ ቀናት በየጠዋቱ ስልኬን ስከፍት ገጻችሁ «በመጓጓዝ ላይ» ይለኝ ነበር። እኔም የዋህ ነኝና፣ እሽጉ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ተጭኖ አገር ላገር ሲዞር በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ፣ መቼም ከእኔ የበለጠ አገር አይቶ ይመጣል ብዬ ተጽናናሁ። በኋላ ቢሮአችሁ መጥቼ ስጠይቅ፣ የመስኮት ሦስት ሠራተኛዎ ቃሉ እሽጉ ተንቀሳቀሰም አልተንቀሳቀሰም በየጠዋቱ በራሱ የሚወጣ መሆኑን በቅንነት አስረዳችኝ። እሽጉ ለካ ከእኛ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ በሆነው መጋዘናችሁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚጓጓዘው። ቁጭ ብሎ መጓዝን ለሰው ልጅ ስላስተዋወቃችሁ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ገጹ «ለማድረስ ወጥቷል» አለ። የዚያን ዕለት ልብስ ለመለካት ከቤት የጠሩኝን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቄ፣ ምሳዬን እዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ በልቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ሳለ መልእክት ገባልኝ፤ «ሦስት ጊዜ አንኳኩተን ተቀባዩ ባለመገኘታቸው ተመልሰናል» ይላል። ከደጃችን ፊት ለፊት ጫማ የሚጠግኑትን ጎረቤቴን ወጥቼ ብጠይቃቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ቆጣሪ ከሚያነበው ሰው በቀር በዚያ በር የደረሰ ፍጡር አላየሁም አሉኝ። ሠራተኛዎ በር ድረስ ሳይመጣ፣ ያውም ገርበብ ያለ በር፣ ሦስት ጊዜ ማንኳኳት ከቻለ እጁ ቢሳም አይበዛበትም። ደግሞስ አንኳኩቷል እንበል። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠብቅን ሰው ሲያንኳኩ አልሰማም ብሎ መሣሪያውን ይዞበት መመለስ፣ እግሩ ለተሰበረ ሰው የመጣለትን ክራንች ሮጦ አልተቀበለንም ብሎ እንደ መንጠቅ አይደለምን?

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ስለማረዝም ክቡርነትዎ ይታገሡኝ። የአባቴንና የእኔን መታወቂያ ይዤ ቢሮአችሁ ስመጣ፣ እሽጉ በአባቴ ስም ስለሆነ እሳቸው ራሳቸው በስልክ፣ በገዛ ድምፃቸው ማረጋገጥ እንዳለባቸው ተነገረኝ። አባቴ በስልክ እንደማይሰሙ፣ እሽጉም ለዚሁ እንደመጣ አስረዳሁ። ሠራተኛዋ አንገቷን እየነቀነቀች ጻፈችው። እንደጻፈችው በዓይኔ አይቻለሁ። በሃያ አራተኛው ቀን፣ የልብስ ቁልፍ ልገዛ ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ከቤት እንደወጣሁ ደወላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ረስቼው የወጣሁት ስልኬ ሲንቀጠቀጥ አባቴ አነሡት።

አባቴ ያልሰሙትን ሁሉ «እሺ» ብለው የሚያልፉ ሰው ናቸው። ይድገሙልኝ ብሎ ሰውን ማድከም ነውር ይመስላቸዋል። በዚህ ጠባያቸው አንድ ጊዜ የጎረቤትን ፍየል ለሳምንት ለማሳደር ተስማምተው፣ ፍየሏ በገመድ ስትመጣ ከሁላችንም በላይ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ገጻችሁ «በተቀባዩ ፈቃድ ወደ ላኪ ተመላሽ» የሚል ዜና ይዞ ወጣ። ደሜ ፈልቶ ብመጣ የሠራተኛዋ አለቃ የተቀዳውን ድምፅ አሰሙኝ፤ ስለዚህ ግልጽነት ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ። በድምፁ ላይ ሠራተኛዎ እሽጉን መጥተው ይወስዳሉ ወይስ ይመለስ ስትል፣ አባቴ ሦስት ጊዜ «አቤት? ማን ልበል?» ይላሉ። እሷም ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ይመለስ ወይ ብላ ስትደግመው፣ «እሺ፣ እሺ፣ ይሁን ልጄ፣ ተባረኪ» ይላሉ። አለቃው ድምፁን ዘግተው፣ ክስ እንደረታ ሰው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ከዚያም እሽጉ ወደ እኛ እንዲመጣ ከፈለግሁ «የተቀባይ ስህተት» የሚል ቅጽ እንድፈርም ጋበዙኝ። አልፈረምኩም። አልፈርምምም።

አራተኛ፤ አራተኛው ቅሬታዬ በመጓጓዝ ላይ ነው። እንደደረሰ ይገለጽልዎታል።

አምስተኛ፤ ልጄ አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ቃል አልነበራትም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ፊቴን ወደ ስፌቴ ሳዞር፣ አባቴ በየቀኑ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት ክር፣ መቀስ፣ ቁልፍ፣ መርፌ እያሉ አንድ በአንድ እያሳዩ ይጠሩላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰለቹም። ከሦስት ወር በፊት መቀሱን አንሥታ «አባባ፣ መቀስ» አለቻቸው፤ አባቴ መሣሪያቸው ጆሯቸው ላይ ነበርና ሰሟት፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። መሣሪያው የተሰበረው ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አሁን ወሬዋን ሁሉ ተሸክማ እሳቸው ጋ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው «እሺ» ይሏታል። ባለፈው ሳምንት ጣቷን በር ቆንጥጧት እያለቀሰች ስትነግራቸው፣ ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ ሰጥተው ስለነበር ፊቷን ሳያዩ «እሺ፣ ጎበዝ» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸው ጋ ስትሄድ አታወራም፤ እጃቸውን ይዛ መጎተት ጀምራለች፣ ልክ እንደ ድሮው።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን አስቀምጣለሁ። እፈራለሁ። ይህች ልጅ ተመልሳ ዝም እንዳትል እፈራለሁ። አባቴም ሁለት ዓመት የለፉበትን ድምፅ ሳይጠግቡት እንዳይቀሩ እፈራለሁ። ይህን ሁሉ የያዘው፣ ዛሬ ጠዋትም «ለመመለስ በመጠባበቅ ላይ» የሚባለው፣ እናንተ መጋዘን ውስጥ ያለ የክር ጥቅል የማያህል ነገር ነው።

ስለሆነም ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሦስታችንም መስኮት ሦስት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ የምንገኝ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። አንጮኽም፤ ሰልፍም አናዛባም። እኔ የእጅ ስፌቴን እሠራለሁ፤ ለምን እንደተቀመጥን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ አነብለታለሁ፤ ከተሰለፈው ሕዝብ መካከልም የራሱን ስድስተኛና ሰባተኛ የሚጨምር እንደማይጠፋ አልጠራጠርም። ጥበቃችሁ ሲመሽ በር ሊዘጋ ይችላል፤ በነጋታው ሲከፍት ግን ደጁ ላይ ያገኘናል። የምለምነው ውለታ የለም። የአባቴን ዕቃ ልወስድ ነው የምመጣው።

እስከዚያው ገጻችሁ ዜና እንዳያጥረው፣ ወንበርዎም እንዳይጎረብጥዎ፣ ሠራተኞችዎም በሩቁ ማንኳኳትን ለተተኪው ትውልድ እንዲያወርሱ ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ለአባቷ ልጅ፣ ለልጇ እናት፣ ለእናንተ ደግሞ የመከታተያ ቁጥር ብቻ የሆነችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአባቴ እንዲያነቡት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ የፍየሏን ነገር ባላነሣሽው ኖሮ ብለው ጥቂት ከተቆጡኝ በኋላ፣ በስልኩ ምን እንዳሏችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዱት ያን ጊዜ ነውና፣ ሦስተኛውን ቅሬታ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ብዕሬን ተቀብለው በገዛ እጃቸው ይህችን ጨመሩበት፤ «እኔ የጠየቃችሁኝን አልሰማሁም። እናንተ ግን አለመስማቴን ሰምታችኋል።»