የእንግሊዝ ገጠር ደብርና የአንተ መቃብር

ውዴ መስፍን፣

አንተ ባለህበት እረፍት ይሁንልህ፤ እኔ እንደሆንኩ እንዳለሁ አለሁ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ለሙት ዓመትህ ሰው ቤቱን ሳይሞላው ለብቻችን እናውራ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። በጣም ናፍቀኸኛል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ልጃችን ሳሮን «እማ፣ ብቻሽንማ ኖ ዌይ» ብላ አፓርትመንቷን ለቅቃ ወደ እኔ ተመልሳለች። መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት። መጻሕፍትህን ግን ከቦታቸው አላነሳናቸውም። ከአገር እንደወጣን ካፒቶል ሂል ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ የገዛሃት፣ የእንግሊዝ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ፎቶ ያለባት መጽሐፍ ከሁሉም በላይ ተቀምጣለች። በረዶ ላይ ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ አውጥተህ ስታገላብጣት ተናድጄብህ ነበር። ሰው ሁሉ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲያጠና አንተ የእንግሊዝ ገበሬ የት እንደሚያስቀድስ ታጠና ነበር።

ኋላም ከኤርፖርት ሰው ስታመላልስ፣ ተራህ እስኪደርስ ሌሎቹ ሹፌሮች በፖለቲካ ሲጨቃጨቁ፣ አንተ የሰሜኑ በር ለምን ተደፈነ፣ ግድግዳውን ማን በኖራ ቀባው እያልክ ታነባለህ። ማታ ራት ላይ ለእኔ ትተርካለህ። ሃይማኖታቸው ሲለወጥ የቅዱሳኑን ሥዕል በኖራ እንደሸፈኑት፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ኖራው ሲፈረፈር ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ብቅ እንዳለ ስትነግረኝ ዓይንህ እንባ ያቀር ነበር። እኔ ደግሞ «ሰውዬ፣ ራትህ ቀዘቀዘ» እልሃለሁ።

የእኛንም ቤተ ክርስቲያን አልተውካትም። የፕሮቴስታንቶች የነበረውን ሕንፃ ገዝተን ስንገባ መድረኩ በምዕራብ ሆኖ ተገኘ። መቅደሱን ወደ ምሥራቅ ስናዞረው ዋናው በር ከመቅደሱ ጀርባ ቀረና ሕዝቡ በጎን በር መግባት ጀመረ፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ሁሉም ሲያጉረመርም ደስ ያለህ አንተ ብቻ ነበርክ። የእንግሊዝ ገጠር ደብርም የኖረው እንዲህ ነው አልክ፤ አንዱ በር ሲዘጋ፣ ሌላው ሲከፍት፣ አንዱ ሲቀባ፣ ሌላው ሲፍቅ። እኛም ገና መጀመራችን ነው ብለህ የሰበካ ጉባኤውን አሳቅኸው።

እህቴ ልጇን ስትድር ለንደን የሄድንበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሠርጉ ባለቀ ማግስት መኪና ተከራየህ። በግራ መንዳቱ እያላበህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገጠሩ ይዘኸኝ ወጣህ። እርሻ መሃል ብቻዋን የቆመች፣ በባልጩት ድንጋይ የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስትደርስ ጠፍተህ የተገኘህ ነበር የምትመስለው። በሩ ክፍት ነው፤ ሰው የለም። መቃኑን ተሳለምክ፤ ከዚያ ሁለታችንም በሩ ፊት ካለችው መጠለያ ጫማችንን አውልቀን ገባን። እንግሊዞቹ በጫማ እንደሚገቡ ከማንም በላይ ታውቃለህ፤ ግን እግርህ እሺ አላለህም። የወለሉ ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ይዘልቅ ነበር።

ስንወጣ ጫማችን የለም። ለካስ መጠለያዋ ውስጥ ለችግረኛ የሚሰጥ አሮጌ ልብስ ይጠራቀም ኖሯል። ቤተ ክርስቲያኗን የሚጠብቁት ባልቴት ለምጽዋት የመጣ መስሏቸው ጫማችንን ከልብሱ ጋር ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወስደውታል። በካልሲ እርጥብ ሣር ላይ ስንቅበዘበዝ ከአጥራቸው ማዶ አዩን። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አንተ ግን ሳቅህ አላቆም አለህ።

ይቅርታቸው አላልቅ ሲል ግቢውን አዙረው አሳዩን። መቃብሮቹ ከአጥሩ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ ናቸው። ባላቸውም እዚያው መንገድ ዳር አርፈዋል። በየእሑዱ ስገባም ስወጣም ሰላም እለዋለሁ አሉን። አንተ ሳቅህ ጠፋ። መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ «እኔንም እናንተ በምትመላለሱበት አስቀምጡኝ» አልክ። እኔ «ምን ታሟርታለህ» ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ልብህ በድንገት ሲቆም በእጄ የነበረው ኑዛዜ ያ ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድምህ ኃይሉ አስከሬንህ አገር ቤት፣ እናትና አባትህ ወዳረፉበት ደብር ይላክ አለ። ሰዉም ሁሉ ከእሱ ጋር ቆመ። ሽማግሌ ላከብኝ። ከሚኖርበት ከሞንትቤሎ ድረስ ራሱ መጥቶ፣ መኪና ውስጥ የተባለ ነገር ኑዛዜ ይባላል ወይ ብሎ አለቀሰብኝ። አብሬው አለቀስኩ፤ ግን እሺ አላልኩትም። እዚሁ አውሮራ ቀበርኩህ። ከቀብሩ በኋላ ኃይሉ ቤቴን አልረገጠም።

ችግሩ ምን መሰለህ መስፍኔ፣ ያልከውንም በትክክል አላደረግኩልህም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፓርኪንግ እንጂ መቃብር የለውም። አንተ ያለህበት ሜዳ በመኪና ነው የሚኬደው፤ ሣሩ በማሽን የሚታጨድ፣ ድንጋዩ ከመሬት እኩል የተነጠፈ ነው። ከዘመዶችህ መሃል አይደለህ፤ ከምንሳለመው ደጅ አይደለህ። ሁለቱንም ያሳጣሁህ እየመሰለኝ ዓመቱን ሙሉ አንጀቴ ሲቃጠል ኖሯል።

ቢሆንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና ሳሮን ሳንመጣ ቀርተን አናውቅም። ባለፈው እሑድ ስንመጣ ኃይሉ ቀድሞን መቃብርህ አጠገብ ቆሞ አገኘነው። ጠቁሯል፤ ከስቷልም። ሳሮን እቅፍ አደረገችው፤ እኔና እሱ አንገታችንን ደፍተን ጎን ለጎን ቆምን። እውነቱን ነገርኩት። እኔም ስሞት የትም እንዳትልኩኝ፣ ከመስፍን በስተቀኝ ነው የማርፈው፣ ለሳሮንም ነግሬያታለሁ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይህ ላይ የወደቀውን ቅጠል በእጁ ጠረገ። ቀና ሳይል «በግራውስ ሰው አለበት?» አለኝ።

የለበትም አልኩት።

ለሙት ዓመትህ ድንኳኑን የሚተክለው እሱ ነው፤ ትናንት ደውሎልኛል። እኔ እስካለሁ ስመ ክርስትናህ በቅዳሴ ሳይጠራ የሚያልፍ እሑድ አይኖርም። እኔ ስደክም ሳሮን ታስጠራዋለች፤ ቃል አስገብቻታለሁ። አንተ ብቻ ግራና ቀኝህን ያዝልን።

ያንተዋ አልማዝ