በሃምሳ አለቃው ስም የተጻፈ አክሲዮን

ሰኞ
ሰረዙት። ሦስት ወር ሙሉ ወዲያ ወዲህ ስልለት የኖርኩትን መመሪያ ከዘንድሮ ዕቅዳቸው ሰረዙት። አክሲዮን ለሕዝብ የሸጠ ማኅበር ሁሉ እውነተኛ ባለቤቶቹን በየስማቸው ይመዝግብ የሚለውን ማለቴ ነው። ደብዳቤው ከአዲስ አበባ፣ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዛሬ ደረሰ። ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ይላል። ለመቼ? አይልም።

የቄራ አክሲዮን ማኅበራችን የቦርድ ሰብሳቢ አቶ ተፈራ አንብበው ሳቁ። "ተገላገልን። በይ የባለአክሲዮኑን መዝገብ ወደ ቦታው መልሺ" አሉኝ። የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ፤ መለስኩት። መሳቢያውን ግን በንዴት ዘጋሁት።

ማክሰኞ
ንዴቴ አልበረደም። ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ቄራው ነገሌ ላይ ሲቋቋም የካምፑ ወታደሮች አክሲዮን ገዙ። ወታደር ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ተስማምተው ሁሉንም እዚሁ ቤት በሠሩት በሃምሳ አለቃ ደምሴ ስም አስጻፉ። ወረቀት አልተጻጻፉም፤ አብሮ ምሽግ ያደረ ሰው ወረቀት አምጣ አይባልም። ሟቹ አባቴም አንዱ ነው።

አሁን ሃምሳ አለቃው ታመዋል። የአሥራ ዘጠኙን ስም በሙሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቢሞቱ ሁሉም ለልጆቻቸው ያልፋል፤ ልጆቻቸው ደግሞ እኛን አያውቁንም።

ረቡዕ
"መመሪያ ባይኖርም ብንመዘግብ ማን ይከለክለናል?" አልኳቸው አቶ ተፈራን።

"ማንም ካላስገደደን ምን አደከመን?"

እውነቱ ሌላ ነው። ሃምሳ አለቃው ከታመሙ ወዲህ ጉባኤ ላይ የዚያን ሁሉ አክሲዮን ድምፅ በውክልና የሚሰጡት አቶ ተፈራ ናቸው። ፊት ለፊት መናገር ፈራሁ። በራሴም ተናደድኩ።

ቤት ስገባ እናቴ "ናጋ? ሰላም ነሽ? ስሜን ጻፉት?" አለችኝ። የቦረና ልጅ ናት፤ ከአባቴ የቀራት ያ አክሲዮን ብቻ ነው። "ተጽፏል" አልኳት። ዋሸሁ።

ሐሙስ
ከሥራ በፊት ሃምሳ አለቃው ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ ናቸው። መመሪያው እንደቀረ ነገርኳቸው። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

"መመሪያው ቢቀር እኔ አለሁ። ነገ ባጃጅ ይዘሽ ነይ።"

"ጋሼ፣ አይችሉም።"

"ትእዛዝ ነው" አሉ።

ዓርብ
ሃምሳ አለቃውን ደግፌ ቢሮ ስገባ አቶ ተፈራ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው። አልተቀመጡም።

"ውክልናውን አንስቻለሁ። አክሲዮኑን ለየባለቤቱ አስተላልፋለሁ። ጻፊ፣ ልጄ።"

"ቦርዱ ሳይሰበሰብ..." አሉ አቶ ተፈራ።

አልሰሟቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው ስሞቹን እንደ ካምፕ የጠዋት ጥሪ በቃላቸው መጥራት ጀመሩ፣ ከነማዕረጋቸው፣ የሞቱትንም። እኔ እጽፋለሁ። አሥራ አራተኛው ላይ የአባቴን ስም ጠሩና ቆሙ። አዩኝ።

"አቤት" አልኩ።

ከአባቴ ስም ጎን የእናቴን ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኙ ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው ከሥሩ ፈረሙ። አቶ ተፈራ አልፈረሙም፤ ሰኞ ቦርዱ ይየው ብለዋል። ሰኞ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ቤት ስገባ እናቴ እንደገና ጠየቀችኝ። "ተጽፏል" አልኳት። የዛሬው እውነት ነው።