እኔን ያላልኩህ ቀን

ሙሌ ሆዴ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ሊሞላ ስምንት ቀን ቀረው። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ አትመልስልኝም። ድሮም ቢሆን ትኩሳት ላይ ሆነህ እንኳ «አለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረህም። እኔም አለሁ። ቤቱም አለ፤ ያው ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ ያው አሥራ አራተኛ ፎቅ። ባልኮኒው ላይ የተከልከው ቃሪያ ደርቋል። አትውቀሰኝ፣ ውሃ አጠጥቼዋለሁ፤ የፈለገው አንተን ነው። ሽሮ ስሠራ እጄ ዛሬም የሚለካው ለሁለት ሰው ነው፣ የተረፈውን በማግስቱ አሙቄ እበላለሁ። አልጋው ላይ ወደ አንተ ቦታ ተዛውሬያለሁ። ባዶ የሚሆነው የእኔ ቦታ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

ልጃችን ሜሮን በየእሁዱ ከካልጋሪ ኮል ታደርጋለች። ቤዝመንቷን አሳድሳ ነይ አብረን እንኑር ትለኛለች። እንቢ አልኳት። አንተን እዚህ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?

አሁን ደግሞ የምነግርህን ስማና ሳቅ። ስኬቲንግ ተምሬያለሁ። አዎ፣ እኔ። ክንድህን ሳልይዝ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ መድረስ የማልችለው እኔ። ትዝ ይልሃል፣ ፓርክዴል ሰፈር ምድር ቤት ስንኖር፣ አገሩን ገና ሳንለምደው፣ ሰዎች በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ቆመን አይተን አንድ ጊዜ እንሞክር አልከኝ። ሰው ወዶ ይወድቃል ወይ ብዬ ጎትቼ ወሰድኩህ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔም በየዓመቱ ያንኑ እመልስልህ ነበር።

በረዶ እንደምፈራ ስለምታውቅ ዊንተር በገባ ቁጥር በካፖርትህ ኪስ ጨው በፌስታል ትይዝ ነበር። ከፊቴ ከፊቴ እየቀደምክ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው ትበትንልኛለህ። እንዲያም ሆኖ እግሬ ሸርተት ሲል፣ ገና መሬት ሳልነካ «እኔን!» ትላለህ። ለእኔ ብቻም አይደለም። ባቡር ውስጥ የማታውቀው ፈረንጅ ሲደናቀፍ ትላለህ። ሰዉ ዞሮ ያይሃል፣ እኔ አፍራለሁ። በትምህርት ቤት አውቶቡስህ የምታመላልሳቸው ሕፃናት ሳይቀሩ ለምደውት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው «እኔን» እንደሚለው ነግረኸኝ እንባችን እስኪወርድ ስቀናል።

ስለ አሟሟትህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በረዶ ላይ ወደቅክ፣ ተነሣህ። በሦስተኛው ቀን ራሴን አልክ። ሆስፒታል ገባህ፣ አልወጣህም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በረዶ ጠላቴ ሆነ። የመጀመሪያው ሙት ዓመትህ ዕለት ጸሎቱን አስደርጌ፣ ሰዉን አብልቼ ሸኝቼ፣ ከሜሮን ጋር እስከ መቃብር ቦታው መጣሁ። ከመኪናው እግሬን ሳወጣ መንገዱ በረዶ ሠርቶ ያብለጨልጫል። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሜሮን ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን አልቅሳ ተመለሰች። በሰመር እመጣለሁ፤ አበባህን ተክዬ፣ ሣሩን ነቃቅዬ እሄዳለሁ። በሞትክበት ቀን ግን አንድም ጊዜ አጠገብህ ቆሜ አላውቅም። ይህ ደግሞ ለአንዲት ሚስት ነውር ነው።

ስለዚህ በረዶውን ልልመደው ብዬ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ትምህርት ሬጅስተር አደረግኩ። ሜሮን ሲሪየስ ነሽ ማሚ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። የዘጠነኛ ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ ባሌን በበላው በረዶ ላይ ልጨፍር መሆኔን ሰምተው አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሡኝ። አልፈረድኩባቸውም። ጥቁሬን ገና አላወለቅኩም ነበር። ከጥቁር ሻሼ በላይ ሄልሜት ደፍቼ በመስታወት ሳየው፣ እኔም ራሴን ሰላም አላልኩትም።

አስተማሪያችን ሊና ትባላለች፣ ከሜሮን የምታንስ ልጅ ናት። መጀመሪያ ያስተማረችን መቆም እንዳይመስልህ፣ መውደቅ ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ በጎን ይወደቃል፣ የሌላ ሰው ጫማ ስለት ጣት እንዳይቆርጥ እጅ ይጨበጣል። ከዚያ በጉልበትና በእጅ፣ ከዚያ አንድ እግር አስቀድሞ መነሣት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሰው ፊት ዳኽኩልህ።

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅኩ። ሰዉ ደግ ነው፣ ኦኬ ነሽ ወይ ይለኛል፤ አውራ ጣቴን አሳየዋለሁ። ጆሮዬ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነበር። በወደቅኩ ቁጥር ትንሽ እቆያለሁ፣ ምናልባት ብዬ። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ጠበቅኩ። ማንም አላለኝም። ጫማዬን ፈትቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ሊና እግሬን ያመመኝ መስሏት በፌስታል በረዶ አመጣችልኝ። በረዶ አመጣችልኝ እኮ፣ ሙሌ።

ለማንም ያልነገርኩት አለ። አንተ ታውቀዋለህ፤ እስከ ዛሬ እንደሚቆጨኝ ግን አታውቅም።

በዚያ እሁድ ከሰው ጋር ጨዋታህን አልጨርስ ብለህ አውቶቡስ አመለጠን። ተናድጄ ጥዬህ ቀደምኩ። መንገዱ ሙልጭልጭ ያለ ነበር። አንተ ከኋላዬ ቆይ፣ ቆይ እያልክ፣ ጨውህን ይዘህ ልትቀድመኝ ትሮጣለህ። ስትወድቅ ድምፁን ሰማሁት። አልዞርኩም። ፊቴን ወደፊት እንዳደረግኩ፣ ዓይንህ የት ሄዶ ነው አልኩህ። ለባቡር መንገደኛ የምትሰጣትን አንዲት ቃል፣ ሠላሳ ዓመት አብሬህ የኖርኩት ሴት ነፈግኩህ። አንተ ግን ልብስህን አራግፈህ ደረስክብኝ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ከፊቴ ጨው በተንክ።

ያቺን ቃል ብልህ ኖሮ ከሞት ታተርፍህ ነበር አልልም፣ ቂል አይደለሁም። ግን አላልኩህም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ ግድግዳ መልቀቅ ተማርኩ። በሁለተኛው በአንድ እግር መንሸራተትና በረዶውን በጫማዬ ጎን ፍቄ መቆም ቻልኩ። በዚያ መሀል ሁለተኛው ሙት ዓመትህ ደረሰ። በረዶ አልፈራም፣ መንገዱም ተጠርጓል፣ ጨው ተበትኖበታል። ሆኖም ከቤቴ አልወጣሁም። ሰበብ ሳጣ ነው እውነቱ የገባኝ። የፈራሁት በረዶውን አልነበረም። ፊትህ ቆሜ ምን እላለሁ?

ትምህርቱን ግን አልተውኩም። የተውኩት እንደሆነ ቅዳሜን ከግድግዳ ጋር ነው የማሳልፈው። አሁን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነኝ። እግሬን በእግሬ ላይ እያሻገርኩ ጥጉን እዞራለሁ፣ ወደ ኋላም እሄዳለሁ። እትዬ አስካለ እንኳ ታርቀውኝ፣ ለወገብ ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። በጣም ያስቸገረኝ ከፊት ወደ ኋላ መዞር ነው። እግሬ አይደለም ያስቸገረኝ፣ አንገቴ ነው። ከመዞርሽ በፊት ኋላሽን እዪ እያለች ሊና ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። አንገቴ እንቢ ይላል። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንቢ አለኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በዚህ ወር የጀመሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ቻይናዊ ሰውዬ አሉ። ከሰዓት በኋላ ጥሩ ፍጥነት ይዤ ስሄድ ከኋላዬ ዱብ የሚል ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንገቴ ቀደመ፣ እግሬ ተከተለ፣ ሳላስበው ዞሬያለሁ። «እኔን!» አልኩ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አየኝ፣ እኔም አላፈርኩም። ሰውዬው ቃሉን አያውቁትም፣ ግን ለእሳቸው እንደሆነ ገባቸው፤ እጃቸውን ሰጡኝ። ሳነሣቸው ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር፣ ግድግዳው ደረሰልን። ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ሰውዬው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉኝ። ምን እንዳሉኝ አላውቅም፣ ክፉ ግን አይደለም።

ቤት ስገባ ይህን የምነግረው ሰው አልነበረም። ለሜሮን ደወልኩ፣ ሥራ ላይ ነች። መልእክት ልተውላት አልኩና፣ ይህ ከአባቷ በቀር ማን ይገባዋል ብዬ ስልኩን ዘግቼ ይህን ወረቀት አወጣሁ።

ሙሌ፣ ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው እሁድ፣ በሙት ዓመትህ ዕለት እመጣለሁ። ብቻዬን ነኝ፤ ሜሮን ሩቅ ናት፣ የእትዬ አስካለ ጉልበት አይችልም። ካፖርትህን ለብሼ ነው የምመጣው። ይሰፋኛል፣ ግድ የለም። ኪሱ ውስጥ ጨውህ እንዳለ ነው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም። እኔ በበረዶው ላይ እራመዳለሁ፤ ጨውህን ለአንተ ነው የያዝኩት፣ ስደርስ ዙሪያህን እበትንልሃለሁ። ከዚያ ያቺን ቃል እልሃለሁ። ሦስት ዓመት ዘግይታለች፣ አውቃለሁ። ከእንግዲህ በሕይወት እስካለሁ፣ ማንም ይሁን ማን ፊቴ ሲወድቅ ባየሁ ቁጥር እላታለሁ፤ አንተን የማስብህ በእሷ ነው።

መንገድ ላይ የወደቅኩ እንደሆነ ግን ያንተ ተራ ነው።

ያችው ቁጡ ሚስትህ፣
ዘኒ