ከአሥር አራት የተሰጠው መልስ

እታለም፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ እንዴት ሆኖ ያገኝሽ ይሆን? ደረጃ ስትወጪ ቋ የሚለው ነገር ተሻለሽ? ሳልሽስ ለቀቀሽ? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ እነዚያ ሁለት ነገረኞች የልጅ ልጆችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው ምንም አልሆንኩም። ዓይኔ ዛሬም ክር በመርፌ ያሾልካል፣ የሚሰፋ ልብስ አላጣሁም፣ ጣሪያውም የሚያፈሰውን ቦታ አስደፍኜዋለሁ።

እንግዲህ ቁጭ በይና ዋናውን ስሚ፤ ጡረታሽ ተስተካክሏል። ቀድሞ የወጣም በኋላ የወጣም አስተማሪ፣ እኩል ዘመን ካስተማረ እኩል ያገኛል ተብሎ ተወስኗል። ከሚቀጥለው ወር ይጀምራል። ወሬ እንዳይመስልሽ፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በዓይኔ አይቼ፣ ድምፄን አውጥቼ አንብቤ፣ ከዚያ ዘፍ አልኩ። ከኋላዬ ወንበር መኖሩን እንኳ አላየሁም፤ ደግነቱ ነበረ። በስልክ ያልነገርኩሽ እንባዬ አያስጨርሰኝም ብዬ ነው።

አንቺን ወክዬ የጡረተኞቹ ስብሰባ መግባት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የሚሰበሰቡት በትምህርት ቤቱ አሮጌ መጋዘን፣ በሕፃናት ወንበር ላይ ነው። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ ለመናገር እጅ እያወጡ ተራ ይጠብቃሉ። ዳይሬክተራችሁ የነበረችው አሁን ሰብሳቢ ናት፤ ዛሬም የሚያንሾካሹክ ካየች ጠረጴዛ ትደበድባለች። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሻይ ላፈላ የመጣሁ መስሏቸው «የኔን ስኳር ቀንሺልኝ» ያሉኝ ነበሩ።

አቤቱታችን አጭር ነበረች። ሁለት አስተማሪዎች እኩል ዘመን ጠመኔ ጨብጠው፣ አንዷ ደመወዝ ከመሻሻሉ በፊት፣ ሌላዋ ከተሻሻለ በኋላ ስለወጡ ብቻ የአንዷ ጡረታ ለምን የሌላዋ ግማሽ ይሆናል? ይኸው ነው። በየቤቱ እየዞርን ፊርማ ስንሰበስብ ከረምን። አልጋ ላይ የዋለችው የሙዚቃ አስተማሪ እንኳ ትራስ ተደግፋ ፈርማለች። መልስ መጣ ተብለን ተሰብስበን ብንሰማው ግን «የጡረታ ክፍያ በየወሩ ሳይዘገይ በሰዓቱ እየተፈጸመ ይገኛል» ይላል።

ጋሽ ድጋሚን መቼም አትረሺያቸውም፤ የሒሳቡን አስተማሪ፣ በየደብተሩ ሥር «ድጋሚ ይሠራ» ሲሉ ኖረው የገዛ ስማቸውን ያጡትን። ያንን መልስ ቤታቸው ይዘው ሄደው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። «የተጠየቀው ስለ ሰዓት አይደለም። ጥያቄውን በደንብ አንብብ። ድጋሚ ይሠራ። ከአሥር አራት» ብለው ጽፈውበት፣ ማንንም ሳያማክሩ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መልሰው ላኩት። ኃላፊውን ነው እንግዲህ እንዲህ አንተ ያሉት! ሰብሳቢዋ «አንቱ ሰውዬ፣ ምን ነካዎት?» ብትላቸው «ምን አጠፋሁ? አዝኜለት ነው እንጂ ለሦስትም አይበቃም» አሏት።

ኃላፊው ፋይላችንን ዘግቶ ማንንም አላነጋግርም አለ። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ አንስተነው ግን አናውቅም። ባለቤቴ አልጋ ሲይዝ ድረሽልኝ ብዬ የላክሁብሽ እኔ ነኝ። አንቺም ጊዜሽ ሳይደርስ ጡረታ ወጥተሽ መጣሽ። አብረን አገላበጥነው፣ አብረን ቀበርነው። ደመወዙ የተሻሻለው በዓመቱ ነው። ኋላ ያቺ ጡረታሽና የኔ ስፌት ለሁለታችን አልበቃ ሲል «እኔ ልቀነስልሽ» ብለሽ ልጅሽ ዘንድ ሄድሽ፤ ዕድሜሽን ሙሉ የራስሽን በልተሽ፣ ለመነጽር የልጅሽን እጅ አየሽ። አንድ ቀን እንኳ «ባንቺ ምክንያት» አላልሽኝም። እኔም ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልፈታ አለኝ። ብትሰድቢኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ጥቁሩን ሹራቤን ለብሼ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «እማማ፣ የአስተማሪዎቹ ጉዳይ ከሆነ ስሙንም እንዳያነሱበት» አለችኝ። «እሺ ልጄ፣ አላነሳም» ብዬ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኃላፊው ለምሳ ሲወጣ አየኝ፣ ሲመለስ አየኝ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል «ይግቡ» ተባልኩ።

ቀይ የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «እማማ፣ እኔ የማን ተማሪ ነኝ? ፀጉሬ ሸብቶ ከአሥር አራት!» አለኝ። ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አኩርፏል። እንዲህ ስል እንኳ ያሰብኩበት አልነበረም፤ «ጌታዬ፣ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ፊደል የለየሁት እኅቴና ጋሽ ድጋሚ ቤታችን ደብተር ሲያርሙ፣ በሰው ልጆች ስሕተት ላይ ነው። ያኔ ያየሁትን ልንገርዎት፤ ሰውዬው ተስፋ የቆረጡበትን ልጅ ደብተር ቀይ አያስነኩትም፤ እንዲሁ ነው የሚመልሱለት። ቀይ የሚያበዙት ይችላል ባሉት ላይ ነው» አልኩት።

ወረቀቱን አንስቶ ቀዩን ደግሞ አነበበው። ከዚያ «እሺ፣ አራቱስ የምን ነው?» አለኝ።

«የንጽሕና ነው። ንጽሕና ለማንም አይነፍጉም» አልኩት።

ሳቁ አመለጠው። አቤቱታችንን ከመሳቢያ አወጣና እፊቴ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ለካስ እስከዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ባረቀቀው መልስ ላይ ፈርሞ ነው እንጂ ጥያቄያችንን ዓይቶት አያውቅም። «መወሰን የኔ ሥልጣን አይደለም፤ ከላይ ላሉት ግን በራሴ ፊርማ አቀርበዋለሁ» አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ የጡረተኞቹ ኮሚቴ ሁለቴ ተጠርቶ አስረዳ፤ ሰብሳቢዋ እዚያም ጠረጴዛ ሳትደበድብ አልቀረችም። ብዙ ወር ፈጀ እንጂ ይኸው ሆነ።

ያለፉት ዓመታት ግን አይከፈሉም፤ ይህ ያንገበግባል። የሙዚቃ አስተማሪዋም ሳትሰማ አለፈች። ኮሚቴው ያለፈውንም አንተውም ብሏል። ጋሽ ድጋሚ ለአዲሱ ውሳኔ ስድስት ሰጥተው ሊልኩት ሲሉ ሰብሳቢዋ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ቀምታለች። እኔ እንደሆንኩ ለዓመታት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶልኝ፣ ጎኔን ካሳረፍኩ እስኪነጋ አልሰማም።

ልጅሽን «እናትህ ከእንግዲህ ለመነጽሯ ራሷ ትከፍላለች» በይልኝ፤ ቅር እንዳይለው ግን ቀልድ አስመስይው። ምራትሽን፣ ያቺን ታጋሽ፣ ጉንጯን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅ በስልክ ላይ መሳደብ መተዉን ጠይቂልኝ፤ ታናሺቱንም ጥርሷ በቀለ ወይ በያት። ጋሽ ድጋሚና ሰብሳቢዋ ብዙ ሰላም ብለውሻል።

አንቺን ግን እታለም፣ ክፍልሽን ኖራ አስቀብቼዋለሁ፤ መስኮቱም ሳይታገል ይከፈታል። ነይ ብዬ አልለምንሽም፤ አንዴ ነይ ብዬ ያስከፈልኩሽ ይበቃኛል። እስከ ዛሬ ያልመጣሽው ስላልቻልሽ ነበር። ከእንግዲህ ካልመጣሽ ስላላሰኘሽ ነው። እሱም ደስ ይለኛል።

ታናሽሽ

ከአሮጌው ቤታችን፤ ሰኔ 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ