በጀሪካን የሄደው ምስጋና

ለውድ እኅቴ ለደጊቱ፤ ሐዋሳ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ስፌቱ ላይ ስትጎብጪ ነው የምትውዪው፣ እንዳታባብሺው። ትንሿ ሜላትስ ጥርስ አወጣች? ባለቤትሽ ዓለምነው ከሄደበት በሰላም ገባ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ብርድ ሲሆን እማዬን ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ዝናቡ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ አልለቀቀንም። ድንቹን ግማሹን በሽታ መታው፣ የተረፈው ለቤት ይሆናል።

ባለፈው በስልክ ሥራው ከምን ደረሰ ብለሽ ስትጠይቂኝ «እየጠበቅኩ ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይሰሙኝ ነበር። አሁን እውነቱን ልጻፍልሽ። ደክሞኛል እታለም፣ ለብቻዬ መያዙም ከበደኝ።

ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ይኸው አራት ዓመቴ። ዳንግላ ያለው የችግኝ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራን ስድስት ነበርን። የጠየቁኝ አቶ ይኸነው የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አውኛ እንደምችል ሲሰሙ «ገበሬውን በቋንቋው የሚያዋራ ሰው ነው ያጣነው» አሉ። ያን ጊዜ ሥራውን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

አንቺም ከፋብሪካችሁ የቢሮ ሰዎች ሰምተሽ በማግስቱ የምስጋና ኢሜይል ላክ አልሽኝ። እንጅባራ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ኔትወርክ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት የሰውየውን ጤና፣ የቤተሰባቸውን ደኅንነትና የአዝመራውን ነገር ሁሉ የሚጠይቅ ነበር። በስልክ ሳነብልሽ ስቀሽ ስቀሽ አስጠፋሽኝና አራት መስመር ብቻ ቀረ። እሳቸውም ያኑ ዕለት «ስለ ምስጋናህ አመሰግናለሁ» ብለው መለሱልኝ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ እራት ላይ ነገሩን ለአባባ በአውኛ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ሰውየውን በምን አመሰገንከው?» አሉኝ። በጽሑፍ ነው አልኳቸው። «ባዶ እጅህን?» አሉና ወደ እራታቸው ተመለሱ። አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ በሬ ያዋሳቸውን ወይም ደቦ የወጣላቸውን ሰው በአፍ ብቻ አመስግነው አያውቁም። እኔ ግን ልብ አላልኩም።

ሐሙስ ዕለት ድንች ሊያዩ የወጡ መስሎን፣ ለካ አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከጓሮ ቀፎ የቆረጡትን ነጭ ማር በቢጫዋ ጀሪካን ይዘው ዳንግላ ሄደዋል። ከመናኸሪያው በጋሪ ደረሱና ለዘበኛው «ልጄን የጠየቀውን ሰው ላመሰግን መጣሁ» አሉት። ሰው ሁሉ እያየ ማሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አቶ ይኸነው ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው፣ ማሩን ግን መልሰው አስያዟቸው።

በማግስቱ ደወሉልኝ። «አባትህ ክፉ እንዳላሰቡ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ኮሚቴው ስጦታ ቀረበ ብሎ በቃለ ጉባኤ ይዞታል፤ ደንቡ ከውድድሩ ያስወጣሃል» አሉኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። ጥያቄው ከብዶኝ ወድቄ ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ! ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ ማለት ይሄኔ ነው።

አልዋሽሽም፣ በጣም ተናድጄ ነበር። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ተነሥቻለሁ። እሳቸው ግን ጀሪካኗን ከፍተው እያሸተቱ «ማሩ ምን ጎደለው? ስቆርጠው ጭስ በዛበት ይሆን?» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይህንኑ ይጠይቁኛል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያከበሩበትን ነገር ጉቦ ይባላል ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አልቻልኩም።

እና እባክሽ፣ ስትደውዪ ቦታውን ለነባር ሠራተኛ ሰጡት በያቸው። እኔም እንደዚያው ብያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ቅዳም ከሰል ከሚያከስሉት ጋር ልሠራ ነው። ዛፍ መትከል ተምሬ ዛፍ ላከስል ነው፣ ሳቂብኝ እንግዲህ።

ማሩን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ በድንች ነጋዴው በእንግዳው እጅ ልኬልሻለሁ። ለደጊቱ ይሂድ ስላቸው አባባ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ክዳኑንም ራሳቸው በላስቲክ አሰሩት። እታለም፣ ግማሽ ሰዓት ላነጋገረኝ ሰው ምስጋና ልጽፍ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። አንቺ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሽ፣ ወገብሽ እስኪጎብጥ ሰፍተሽ አስተማርሽኝ፤ ለአንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ጽፌ አላውቅም። ይኸው ዛሬ ጻፍኩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ።

ዓለምነውን ሰላም በዪልኝ። ሜላትን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ አጥብቃ ትስምሻለች፤ ለወገብሽም ጸበል ትልክልሻለች። አባባ «ይባርክሽ» ብለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ማሩን እንደቀመስሽ ደውዪና ምንም እንዳልጎደለው ለአባባ ንገሪያቸው። እኔ ስነግራቸው አላመኑኝም።

ወንድምሽ ወገኔ
ዘንገና፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.