ለመኪና ሬድዮ ሱቅ ባለቤት፣ ስለ ተጣለው ዝምታ

ረሖቦት፣ ኖቬምበር 2006

ለተከበሩ ወይዘሮ ያርደና፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልጆችዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በራፍዎ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ደኅና ናቸው? እኔ የኦሺዮት ሰፈሩ ጡረተኛ አያናው ማለደ፣ ተመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ወር የመኪናዬ ካሴት ማጫወቻ ቢበላሽ ሱቅዎ የዲስክ ሬድዮ ገጥሞልኝ፣ አንዲት ካሴቴንም ወደ ዲስክ ገልብጦልኛልና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ።

ካሴቷ የባለቤቴ የይታየሽ ደብዳቤ ናት። እኔ በ1984 ቀድሜ ወደ እስራኤል ስመጣ እሷ እናቷን ልታስታምም ጎንደር ቀረች፤ ድምፅዋን በሰው እጅ ላከችልኝ፣ በዓመቱም እዚያው አረፈች። ከእሷ የቀረኝ ይኸው ድምፅ ብቻ ነው።

፩ኛ፦ ባለሙያዎ ኤሊሻ ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ እስከ ጥግ ከፍ አድርጎ ሰጠኝ። ድምፀ ቀጭኗ ይታየሽ በእርሱ ቸርነት እንደ በሬ ታገሳ ጀመር። ሦስት ቀን ቁልፉን ስጠመዝዝ ሰንብቼ፣ ባሱን ቀንሼ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ባደርገው ተመለሰችልኝ። ሳልጠይቅ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ፦ ድምፁ ሁሉ ወደ ኋላ ተልኮ ስለ ነበር ባለቤቴ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ከጀርባዬ ታወራ ነበር። እሱንም አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን ከፊት፣ በቀኜ ትቀመጣለች።

፫ኛውን ግን የትኛውም ቁልፍ አላቃናልኝም። በእኛ ዘንድ የድምፅ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ሰላምታ ይጠይቅና፣ ተቀባዩ ፊቱ የተቀመጠ ይመስል እስኪመልስለት ዝም ይላል። ይታየሽም እንደምን አለህ ትልና ዝም፣ ብርዱ አልጎዳህም ወይ ትልና ዝም ትል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ወደ መዝከረት ባትያ በመኪናዬ ለሥራ ስመላለስ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ እመልስላት ነበር። ኤሊሻ ግን ፋይሉ እንዲያንስ ባዶ ባዶውን በኮምፒውተር ቆርጦ እንደ ጣለው፣ አሁን ቤሰደር፣ ሁሉ ደኅና፣ እንደ ሆነ በኩራት ነገረኝ። የአርባ ደቂቃዋ ደብዳቤ አሥራ ዘጠኝ ሆነች። መቶ ሃምሳ ዘፈን በሚይዝ ዲስክ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናትና ስለ ተረፈው ቦታ አብዝቼ አመሰግናለሁ፤ ማን እንዲቀመጥበት እንደታሰበ ግን አልገባኝም። አሁን ጥያቄዋን ታከታትለዋለች፤ ደኅና ነኝ ልላት አፌን ስከፍት ስለ ላሞቹ ጀምራለች። ቤቴ ስገባም እንደምን ዋልክ የሚለኝ የለም። ብቸኝነቱ ከበደኝ፣ እመቤቴ።

ስለዚህ ኤሊሻ ከእንግዲህ አታስፈልግም ብሎ ከእናንተ ዘንድ ያስቀራት ካሴት ከቆሻሻ ጋር ካልሄደች፣ ከነባዶዋ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ።

ባስና ቀጭኑን ለይቶ ለማወቅ በእርስዎ ሱቅ የበቃው፣ ውለታዎን የማይረሳ ደንበኛዎ፣
አያናው ማለደ

ማስታወሻ፦ ኤሊሻ በስልክ፣ መልስ መስጠት ስፈልግ ማቆሚያውን እንድጫን መክሮኛል። ብልህ ሰው ነው፣ ይባረክ። ሞከርኩት። ማቆሚያውን ስጫን ግን ዝም የማሰኛት እኔ ነኝ፤ ድሮ እሷ ነበረች ዝም ብላ የምትጠብቀኝ።