እንደ ቅርጫ የተከፈለው ስትራይፐር

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት
ጋሽ ደምሴ ዛሬ ጠዋት ሳን ሊያንድሮ፣ ባሕሩ ዳር ተከሰሱ። ከተፈቀደው በላይ ዓሣ ይዞ መገኘት። መጠኑ እንዳይለካ አድርጎ መቆራረጥ። ፍ/ቤት ሐምሌ 10።

ማስታወሻዬ፣ በቅደም ተከተል ልጻፍልህ። ሦስት ነበርን፦ ጋሽ ደምሴ፣ ቢኒ ከሚልፒታስ፣ እኔ። ንጋት ላይ ውሃው መሙላት ይጀምራል። ወፎች አንድ ቦታ ላይ ይወረወራሉ፤ ከሥራቸው ትንንሽ ዓሣ አለ፣ ትንንሾቹን የሚያሳድደው ደግሞ ስትራይፐር ነው፣ ጎኑ ባለ ጥቁር መስመር። ከወፎቹ አለፍ አድርጎ መወርወር፣ ቀስ ብሎ መሳብ። ቀናን። ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት፤ ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው ይኸው ነው። ሁሉንም እኔ ለካሁ። ከተፈቀደው ከአሥራ ስምንት ኢንች ያነሰ የለም።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ሁሉም ጋሽ ደምሴ ባልዲ ውስጥ ገባ። ታላቃችን ናቸው፣ ቢላዋው የሳቸው ነው። የማን ትልቅ፣ የማን ትንሽ ሳይባል ይቆራረጣል፣ እንደ ቅርጫ በመደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። ቢኒ ቀለደ፦ «ጋሼ፣ ጭንቅላቱ ሁልጊዜ ለኔ የሚደርሰው ዕጣው ተጭበርብሮ ነው!» «ያንተን እንዲያግዝልህ ነዋ!» አሉት።

በረዶ ላመጣ መኪናዬ ጋ ሄድኩ። ስመለስ ዋርደኗ፣ የዓሣ ሕግ ተቆጣጣሪዋ፣ እየጻፈች ነው። የማን ነው ብላ ጠይቃለች። ጋሽ ደምሴ ሁሉም የኔ ነው ብለዋል።

ሁሉም የኔ ነው!

ሁለቱ የኔ ናቸው አልኳት። በትሕትና ሰማችኝ፤ ለፍ/ቤቱ ተናገር አለች። እንለካው ብል ምኑን? ተቆራርጧል።

ያው ቀን፣ ማታ
ቢኒ ጋ ደወልኩ። አጠገባቸው ቆመህ ለምን ዝም አልክ? ጋሼ ዞር ብለው አዩት፤ በቃ። ትልቅ ሰው እየተናገረ እንዴት ላቋርጥ ይላል። ተቆጥቼ ዘጋሁበት። ቆይቼ መልሼ ደወልኩ። እኔም ብሆን እንጃ።

ሰኔ 8፣ እሑድ
ሕጉን አነበብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላጣራ አልጽፍም ስል የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ገና። በጀልባ ላይ አብረው የሚያጠምዱ ሰዎች የሁሉም ልክ እስኪሞላ አብረው መቀጠል ይችላሉ። ከዳር ሲጠመድ ግን እያንዳንዱ ለራሱ። ዓሣው የማን እንደሆነ መለየት አለበት፣ ሳይቆረጥም መለካት አለበት። አንዱንም ያለልክ አላጠመድንም። ጥፋቱ ባልዲው፣ ቢላዋውና ያቺ አንዲት ቃል ናቸው።

ያው ቀን፣ ምሽት
ሰላም ደወለች፣ የጋሽ ደምሴ ልጅ። የዜግነት መሐላቸው ሐምሌ 11 ነው። ከፍ/ቤቱ በማግሥቱ። ኢንተርቪውውን እንዳለፉ እንኳ አልነገሩንም። ከመሐላው በፊት፣ ከኢንተርቪው ወዲህ የተከሰሱበት ነገር እንዳለ ይጠየቃሉ። ጉዳዩ ካልተዘጋ መሐላው ሊዘገይ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሲያንከባልሉት የኖሩት ነገር። ጠበቃ እንፈልግ አልኳት።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ
ጠበቃ አገኘን። እኔና ቢኒ የየራሳችንን ዓሣ ተናግረን ፈረምን፤ ለዓቃቤ ሕጉ ተልኳል። ጠበቃው ግን፣ ሰውየው ራሳቸው የኔ ነው እስካሉ ድረስ የናንተ ፊርማ ብዙ አይረዳም አለ።

ወደ ጋሼ ቤት፣ ወደ ኤል ሴሪቶ ነዳሁ። ጋሽ ደምሴ ሶፋው ላይ። በኔ ባልዲ ያለ የኔ ነው ይላሉ። ዳኛ ፊት ቆሜ የናንተን ስም ልጥራ?

እኛው ጠርተናል እኮ አልኳቸው።

ሰላም ከወጥ ቤት፣ ለፖሊስ ዋሽተዋል ለማለት፦ «ዳድ፣ ዩ ላይድ ቱ ኤ ኮፕ!»

«ምን ዋሸሁ? ባልዲው የማን ነው?»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ፤ እየቀለዱ አይደለም። በመሐላው ፈንታ ቃላቸውን መርጠዋል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ
ዓቃቤ ሕጉ ለጠበቃው መለሰ። ጋሽ ደምሴ የመጀመሪያ ቃላቸውን ካረሙ ክሱን ያነሳል። ካላረሙ ይቀጥላል። ወረቀት አይበቃም፤ ነገ ራሳቸው ይጠየቃሉ።

ደወልኩላቸው። ስለ ውሃው አወሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይሞላል አሉ። ስለ ነገ አንድም ቃል የለም። ጋሼ፣ እባክዎ አልኩ። ሰምቻለሁ አሉኝ፤ አደርበታለሁ።

ሰላም ኮታቸውን አስተኩሳለች። ለነገው ፍ/ቤት ይሁን ለአርቡ መሐላ አላወቀችም። የማን ነው ተብለው ሲጠየቁ ምን እንደሚሉ ለሷም አልነገሯትም።

ነገ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት።